«ጎረቤትህስ?»

አጎቴ መካነ ሰላም ፍርድ ቤት በር ላይ ለድሃ በነጻ ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። «ጎረቤትህስ?» ሳይሉ ግን ማንንም አይሸኙም። በረሃቡ ጊዜ ከከላላ የመጣ ገበሬ «ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት ለራሴ ነው!» ብሎ ተቆጣ።

«አንተ ብቻ ተራብኩ ካልክ ሰነፍ ነህ ይሉሃል፤ የመንደሩን ንገረኝ» አሉት።

ብዙ ሰው አስፈቅደው ቃሉን በአንድ አቤቱታ አሰባሰቡና ለአውራጃው ገዥ አቀረቡ። ለዚያም ታሰሩ፤ የፈታቸው አብዮቱ ነው። በማግስቱ እዚያው በር ላይ ተገኙ።

ካረፉ ወዲህ በዚያ ሳልፍ እግሬ ይቸኩላል፤ በርጩማቸው የነበረበትን ቦታ ማየት አልችልም። ትናንት ግን ሚስታቸውን እትዬን ቀበሌው ከቤት ሊያስወጣቸው ስለሆነ ማመልከቻ ጻፍኩላቸው። ጨርሼ ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

«ስለ ጎረቤቶቼስ ሳትጠይቂኝ?»