ቢጫው ሹራብ

ሳጥኑን ስከፍት መጀመሪያ የመጣብኝ የብል መድኃኒት ሽታ ነው። ከሥር ቢጫው ሹራብ ወጣ። ክርኑን ብል በልቶታል፤ ከቁልፎቹ ግን አንድም አልጎደለም። አንድ ቀን ብቻ የተለበሰ ልብስ ቁልፍ ከየት ይጎድልበታል?

ከደብረ ብርሃን ገበያ ይዞልኝ የመጣው አባቴ ነበር። ቢጫነቱ ዓይን ይወጋ ነበር። «ኮሌጅ የተጠራሽ ቀን ትለብሺዋለሽ፤ እኔ ራሴ አደርስሽና በር ላይ እጠብቅሻለሁ» አለኝ። የመምህራን ኮሌጁ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራኝ ግን አባቴ ከሞተ አራት ወሩ ነበር፤ እኔም እናቴም ጥቁር ለብሰናል።

ጎረቤላ ትንሽ ከተማ ናት፤ ዓመት ሳይሞላ ጥቁር ማውለቅ ሰው አፍ ውስጥ ያስገባል። አክስቴ ጥሪውን እንደሰማች «በጥቁርሽ ነው የምትሄጂው፤ ደግሞም ጠያቂዎቹ ያዝኑልሻል» አለች። ያናደደኝ ይኸው ነበር። አባቴ በር ላይ ሊጠብቀኝ የነበረ ሰው ነው፤ ከንፈር የሚመጠጥልኝ ምክንያት እንዲሆን አልፈለግሁም። እናቴ ለማናችንም አላደላችም። ሦስት ቀን ሙሉ ሳጥኑን ስከፍት ስዘጋ ሰነበትኩ።

በመጨረሻ ሁለቱንም ለበስኩ፤ ቢጫውን ከውስጥ፣ ጥቁሩን ሹራብ ከላይ፣ ከታች የትምህርት ቤቱን ሰማያዊ ጉርድ። ያን ጧት የአንኮበር ጉም የሚኒባሱን መስኮት ሸፍኖት ነበር። ሹራብ በሹራብ ላይ ሞቆኛል፤ ልቤ ግን እንደ ሌባ ልብ ትደልቃለች። ደብረ ብርሃን ደርሼ ከኮሌጁ አጥር ጥግ ጥቁሩን ሹራብና ሻሼን አውልቄ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ነፋሱ አንገቴን ሲነካኝ ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ።

ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። ለምን አስተማሪ መሆን እንደፈለግሁ የመለስኩላቸውን ረስቼዋለሁ። አንደኛው መነጽሩን ከፍ አድርጎ «ከጎረቤላ ድረስ ብቻሽን ነው የመጣሽው?» አለኝ።

«ከአባቴ ጋር ነው፤ በር ላይ እየጠበቀኝ ነው» አልኩት።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ጥቁር ለብሼ ቢሆን ኖሮ አይወጣም ነበር። ስወጣ በሩ ላይ ዘበኛው ብቻ ነበር። ቢሆንም ግራና ቀኝ አየሁ።

አመሻሽ ላይ ጥቁሬን ደርቤ ጎረቤላ ወረድኩ። እናቴ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ከአንገቴ ሥር ብቅ ያለውን ቢጫ አንገትጌ በጣቷ ወደ ውስጥ መለሰችው። ቤት ገብተን በሩን ዘጋችና «ምን ጠየቁሽ?» አለችኝ።

የዋሸሁትን ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «እስቲ ጥቁሩን አውልቂው፤ ልየው» አለች። ትከሻዬን ዳበሰች፤ እጅጌውን እስከ አንጓዬ ጎተት አደረገችው።

«ልክሽን ያውቅ ነበር» አለች። ከዚያ ጥቁሩን መልሳ አለበሰችኝ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ራሷ ቆለፈችልኝ።

ኮሌጁ ተቀበለኝ። ዓመቱ ሞልቶ ጥቁር ስናወልቅ ግን በኮሌጅ ዳቦ ሰውነት አውጥቼ ኖሮ ሹራቡ አልዘጋ አለኝ። ከአገሬ ሰው ሁሉ በዚያ ሹራብ ያየችኝ እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም ዘንድሮ የለችም። ሹራቡን አራግፌ መልሼ አጠፍኩት። ከማጠፌ በፊት ግን ቁልፎቹን እንደ እሷ አንድ በአንድ ቆለፍኳቸው።