ኤኮው ሲጠፋ ዝም የሚለው ስፒከር

እርሳስ ሲቀልጥ የሚወጣው የሙጫ ጭስ ዓይን ያቃጥላል። ትናንት ከሰዓት በኋላ የልጄን የጆሮ ማዳመጫ ስበይድ ያ ጭስ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ቀጥ ብሎ ወጣና እጄን አስቆመኝ። ልጄ አጠገቤ ቆሞ «አባዬ፣ በአንዱ በኩል ይሰማል እኮ፤ ይበቃኛል፣ ይተዉት» ይለኛል። ግማሽ ሥራ ይበቃኛል የሚል ልጅ አልወድም። ገሠጽኩት። ከወጣ በኋላ ግን መበየጃውን አስቀምጬ ብዙ ተቀመጥኩ።

ሰው የሚያውቀኝ የስልክና የሬዲዮ ጠጋኝ ሆኜ ነው። በወጣትነቴ ግን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በላስታ ሠርጎች እዞር ነበር። አንዱ ክራር እየመታ ይዘፍናል፣ ሌላው ከበሮ ይመታል፣ እኔ ስፒከሩንና ጄነሬተሩን እይዛለሁ። መንገድ በሌለበት ዕቃችንን በአህያ ጭነን እንሄዳለን። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የሞተ ሬዲዮ ፈትቼ፣ የባሰ አበላሽቼ፣ መልሼ ገጥሜ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ሰነፍ ሰው ፊት ትዕግሥት የለኝም፤ ይህን ጠባዬን ልጆቼም ያውቁታል።

ክራረኛው ከደሴ የገዛት አንዲት የብረት ሳጥን ነበረችው፤ ፔዳል እንላታለን። ማይኩም ክራሩም በእሷ በኩል ያልፋሉ። በእግሩ ሲረግጣት ድምፁን ኤኮ ታለብሰዋለች፤ ደግሞ ሲረግጣት ኤኮው ይጠፋና ድምፁ እንዳለ ያልፋል። ሁለት መውጫ አላት፤ አንዱ ለግራው ስፒከር፣ አንዱ ለቀኙ። ኤኮው ሲበራ ሁለቱም ይናገራሉ። ሲጠፋ ግን ድምፁ በግራው ብቻ ይወጣል፤ ቀኙ ዝም ይላል። እኛ ይህን አናውቅም ነበር፤ ኤኮ አጥፍተን ተጫውተን አናውቅምና። በሠርግ ላይ ኤኮ ከሌለ ሰው «ስፒከራችሁ ታሟል» ይላል።

የክራረኛው አባት ከብልባላ በላይ ባለች መንደር የተከበሩ መሪጌታ ነበሩ። ልጃቸውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዜማ አስቆጥረውታል፤ ያ ድምፅ ከሳቸው የወረደ ነው። ዜማውን ትቶ ክራር ሲያነሳ «በገና ቢሆን የዳዊት ነው። ይሄ የመሸታ ቤት ነው» ብለው ከቤት አስወጡት። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ቃል አልተለዋወጡም። ልጁ ስለ አባቱ አያወራም። ሲጠጣ ብቻ የሳቸውን አነጋገር ያስመስል ነበር፤ «ዜማ ማለት የገደል ማሚቶ ሳይመልስልህ ራሱን ችሎ የሚቆም ነው!» ይልና ይስቃል። ሳቁ ቶሎ ያልቃል።

ታናሽ እህቱ ስትዳር የሙሽራው ወገን እኛን ይዞ መጣ። ዘፋኙ የሙሽራይቱ ወንድም መሆኑን ያውቃሉ፤ «ሠርግ ላይ አባትም ይለዝባል» ተባባሉ። ዳሱ ረጅም ነበር፤ የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ገና አልደረቀም፣ ሽታው ከጠላው ሽታ ጋር ተደባልቋል። ካህናቱና ሽማግሌዎቹ በአንደኛው ጫፍ፣ ጎረምሶቹ በሌላው ጫፍ ተቀመጡ። የቀኙን ስፒከር በሽማግሌዎቹ ዘንድ አቆምኩት።

ከምሳ በኋላ ክራረኛው ወደ አባቱ ዞረ። ኤኮ እንደማይወዱ ያውቃልና ፔዳሏን ረግጦ አጠፋው፤ ለሳቸው ያዘጋጀውን ግጥም ጀመረ።

የድምፄን መነሻ ለጠየቀኝ ሁሉ፣
አባቴን እላለሁ፣ ይቅር ልጄ ካሉ።

እኔ በግራው በኩል ስለነበርኩ ደህና ይሰማኛል። ጎረምሶቹ እያጨበጨቡ፣ እየጮኹ ነው። በወዲያኛው ጫፍ ስፒከሩ ሞቶ እንደነበር ያወቅነው የክራረኛው እናት ማታ እያለቀሰች ስትነግረን ነው። መሪጌታው ያዩት የልጃቸውን አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነበር። «ሲያጨፍር ይጮሃል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ዘጋው። በካህናት ፊት አፉን እያንቀሳቀሰ ተሳለቀብኝ» ብለዋል።

ክራረኛው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ወደኔ ዞሮ «ፔዳሏን ለመልሱ ጠግነህ ታደርሳታለህ?» አለኝ። ሙሽሮቹ ለመልስ ወደ መሪጌታው ቤት ሲመለሱ እኛም ከነሱ ጋር የምንሄድ ነበርን። «አደርሳታለሁ» አልኩት።

ላሊበላ በተከራየኋት ክፍል በር ላይ፣ በቀን ብርሃን ፔዳሏን ፈታኋት። ቸኩዬ ከመግቢያው ወደ ቀኙ መውጫ አንድ ሽቦ በየድኩ። ኤኮው ሲጠፋ ሁለቱም ስፒከሮች ተናገሩ፤ ተቃቀፍን። ኤኮውን ስናበራው ግን ድምፁ ከመውጫው ወደ መግቢያው እየተመለሰ አጓራ፤ ጎረቤቶች ከየቤታቸው ወጡ።

«ጅብ አስገባህበት እንዴ?» አለኝ ከበሮ መቺው።

ሽቦውን ነቅዬ መርገጫዋን በደንብ አየኋት። በውስጧ ሦስት መስመር አለ። አንዱ መግቢያውን፣ አንዱ የግራውን መውጫ ያቀያይራል። ሦስተኛው ኤኮው መሥራቱን ለምታሳየው ቀይ መብራት ነው። መብራቷን ነቅዬ ሦስተኛውን መስመር ለቀኙ መውጫ ሰጠሁት። አሁን ኤኮው ሲበራ ቀኙ ኤኮውን፣ ሲጠፋ ጥሬውን ድምፅ ያገኛል፤ ሁለቱ አይገናኙም። ደጋግመን ረገጥናት። ሠራች።

«እንግዲህ መብራት የለህም» አልኩት። «በርቷል ጠፍቷል የምትለው በጆሮህ ነው።»

«ዕውር አዝማሪ አደረግኸኛ!» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግድ የለም። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ በጆሮዬ አውቃለሁ» አለ።

ያን ቀን ያየሁበትን ፊት ከዚያ በኋላ አላየሁበትም። መሪጌታው አሁን በሕይወት የሉም። ክራረኛውም ጦርነቱ በዚህ አገር ካለፈ ወዲህ የት እንደደረሰ የነገረኝ ሰው የለም።

በመልሱ ዕለት እናትየው ባሏን ለመነች። «ያን ዕለት የከዳው ማሽኑ ነው፤ ልጁ አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ ይስሙት» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹም ጨመሩበት። መሪጌታው መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ጎረምሶቹን ዝም አሰኘናቸው። ክራረኛው ፔዳሏን ረገጠ፤ ጆሮውን ጣል አድርጎ ኤኮው መጥፋቱን አረጋገጠና ጀመረ።

ቀኙ ስፒከር ተናገረ። ከዳሱ ውጭ የታሰረች በቅሎ ልጓሟን ስታኝክ ይሰማ ነበር፤ ያን ያህል ጸጥታ ነበር። እያንዳንዱ ቃል እንደተፈተገ ስንዴ ለብቻው ይወርዳል። የመሪጌታው ሌባ ጣት በመቋሚያው ላይ ምቱን ትከተል ነበር፤ አይቻታለሁ። ግጥሙ ሲያልቅ ጣትየዋ ቆመች። ሴቶቹ እልል አሉ።

«የኔታ፣ ይኸው ሰሙ አይደል?» አሉ አንድ ሽማግሌ እየተደሰቱ።

«ሰማሁ» አሉ መሪጌታው። «ድምፁ አልተበላሸም። እንዳስቆጠርኩት ነው።» ከዚያ ተነሡ። «ያስቆጠርኩት ግን ለዚህ አልነበረም። ሰምቼም ቃሌ ያው ነው።»

«ኧረ የኔታ! በመልስ ቀን!» አሉ ሽማግሌው።

በልጃቸው አጠገብ አልፈው ወጡ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። የኔታ ተሳሳቱ ለማለት ዛሬም አልደፍርም። እኔም ያላመንኩበትን ለልጄ አልናገርም፤ ልጅን ለማስደሰት የሚዋሽ አባትም አላከብርም። ግን ያንን ዳስ ሳስታውስ ይህ ሁሉ አባባሌ አፌ ውስጥ ይመርረኛል። እኔ ነገር ሁሉ መንገዱን ካገኙለት ይስተካከላል ባይ ነበርኩ። መንገዱን አግኝቼለት ነበር።

ስንመለስ ከበሮ መቺው እንኳ አልቀለደም። አህያዋን ከፊት አስቀድመን ቁልቁለቱን ወረድን። ላሊበላ ስንገባ ክራረኛው ዕቃው ሳይራገፍ ፔዳሏን ከጭነቱ ፈልጎ አወጣና እጄ ላይ አኖራት።

«እንደነበረች አድርጋት» አለኝ።

«ምኗን?»

«ሽቦውን ፍታው። መብራቷንም መልስላት።»

ተቆጣሁ። «ትክክል የተሠራ ነገር አይፈታም» አልኩት።

ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። «እስከ ትናንትና አልሰሙኝም እያልኩ እተኛ ነበር» አለኝ። «አሁን ምን ብዬ ልተኛ?»

መበየጃውን አጋልኩና ፈታሁት። ደህና የሆነ ሥራዬን በገዛ እጄ ያፈረስኩት ያኔ ብቻ ነው። ቀይዋ መብራት ስትበራ አየና ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ በኋላ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሠርግ ኮን በምትባል ከተማ ነበር። ዳሱ ሞልቶ፣ ጭፈራው ግሎ ሳለ ክራረኛው በድንገት ፔዳሏን ረገጠና ኤኮውን አጠፋው። ግራው ስፒከር ዘንድ ያለው ሕዝብ ያንን ለአባቱ የገጠመውን ግጥም ይሰማል። እሱ ግን ጀርባውን ለነሱ ሰጥቶ ዝም ወዳለው ስፒከር ዞሮ ነበር። በዚያ በኩል የተቀመጡ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው፣ ወደ ጎረቤታቸው ጎንበስ አሉና «ምን አለ ልጁ?» ሲሉ አየኋቸው።

ጎረቤትየው ትከሻውን ነቀነቀ። ክራረኛው አያቸው፤ ፈገግም አለላቸው። ግጥሙን ግን አልደገመውም።