«ጥላውን ላንሳው?»

ልጅ ሳለሁ ቤታችን አንዲት ኩራዝ ነበረች። ላፍቶ ያኔ ገጠር ነው። ሲመሽ አጎቴ ሻረው ከምድጃው ፊት ይቀመጥና ፍሙን ቆስቆስ እያደረገ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ተረት ይነግረን ነበር። ብዙውን ረስቼዋለሁ። አንዱ ግን አለ።

«ፈጣሪ ሰውን ከጭቃ ሲሠራ» ይል ነበር፣ «ብርሃን መጣና ‹ፊቱን ለእኔ ተውልኝ› አለ። ብርሃን የሠራው ፊት እንደ ሊጥ ለጥ አለ። እናት ልጇን መለየት አቅቷት የጎረቤቷን ልጅ ታጠባ ጀመር። ያኔ ጨለማ ቀስ ብሎ ገባና ከዓይን ሥር፣ ከአፍንጫ ጎን፣ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ። እናትም ‹ይሄ የኔ ነው› አለች።»

ከዚያ ኩራዟን አንስቶ ፊት ለፊቱ ይይዛታል፤ የማናውቀው ሰው ይሆናል። ወደ ጎን ሲያደርጋት አጎቴ ይመለሳል። እኛ ስንስቅ ታናሽ እህቴ «አጎቴን መልሰው» ብላ ታለቅስ ነበር።

ፎቶግራፍን «ጥላ» ነበር የሚለው። «ከተማ ወርጄ ጥላዬን ተነሳሁ» ይላል። እኔም ከእሱ ይዤው ቀረሁ።

ልጄ ደምሰው አምና ሞተ። ነፋስ ስልክ ጋራዥ ይሠራ ነበር፤ ክሪኩ ከድቶ መኪና ወደቀበት። ለእኔና ለእናቱ ለአስካለ የቀረን ስልኬ ላይ ያለች አንዲት ፎቶ ነበረች። ጋራዡ በር ላይ ቆሞ፣ ግማሽ ፊቱ ፀሐይ ላይ፣ ግማሹ ጥላ ውስጥ። ፈገግ ሲል ጉንጩ ላይ የሚገባው ስርጉድ በጥላው በኩል ነበር።

ለሙት ዓመቱ ላሳትማት መካኒሳ ፎቶ ቤት ወሰድኳት። የፎቶ ቤቱ ልጅ ስልኬን ተቀብሎ አየና፣

«አባባ፣ ጥላውን ላንሳው?» አለኝ።

«እሱን ብዬ አይደል የመጣሁት፤ አንሳው» አልኩ።

እሱ የፊቱን ጨለማ ማለቱ ነበር፤ እኔ ፎቶውን።

በትልቁ አውጥቶ ሰጠኝ። ፊቱ በሙሉ በርቷል። ስርጉዱ የለም።

«ይሄ ማነው?»

«ልጅዎት ነዋ አባባ። አንሳው ብለውኝ አነሳሁት፤ እንዴት እንደጠራ አያዩትም?»

«የበፊቱን መልስልኝ።»

ስልኩን ጎረጎረ፣ ጎረጎረና አንገቱን ደፋ። «በላዩ ላይ ነው ሴቭ ያደረግኩት። የበፊቱ የለም።»

ቤት ስገባ አስካለ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ተቀበለችኝ። መስኮቱ ጋ ወስዳ አየችው።

«መልከ መልካም ነው» አለች፣ «የማን ልጅ ነው?»

አሁን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሲመሽ አምፖሉን አጥፍቼ ሻማ አበራና፣ አጎቴ ኩራዟን እንደሚያደርጋት፣ በጎኑ እይዝለታለሁ። ጥላው ወረቀቱ ላይ ያልፋል እንጂ ፊቱ ውስጥ አይገባም።

«ተወው በቃ፣ ክንድህ ይደክማል» ትለኛለች።

ከአጎቴ ተረት የቀረልኝ የመጀመሪያው ግማሽ ነው፤ እናት ልጇን የማትለይበት።