ላቬርንና የኡም ፍሎርስ ጢም

ላቬርን ጃፍታ ለወይንና ለአረቄ ቀማሾች የመካከለኛ ደረጃ ፈተና ማጥናት ከጀመረች ወዲህ፣ በሮበርትሰን ሸለቆ በምትገኘው መንደራችን ያልተሸተተ ነገር አልቀረም። ዘቢቡን አሸተተች፣ የዝናቡን ጭቃ አሸተተች፤ የጎረቤት ውሻ ሊያሸታት ሲመጣ ቀድማ አሸተተችው።

ሥራዋ መንደራችን አጠገብ በሚገኘው የወይን እርሻ ምግብ ቤት ሰሃን ማመላለስ ነው። ካለፈች ለእንግዶች ወይን መራጭ ትሆናለች፤ ከወደቀች ሰሃኑ የትም አይሄድባትም። ባለፈው ዓመት የጣላት አንድ ጣፋጭ ቀይ ወይን ነበር። «አረቄ የተጨመረበት ጭማቂው ከፈላ በኋላ ነው ወይስ ሳይፈላ?» ሲሏት «ከፈላ በኋላ» ብላ አረፈች።

ታዲያ የጌታ እራት በተዘጋጀበት እሁድ ለየአንዳንዳችን ትንንሽ ጽዋ በትሪ ዞረ። ዝንብ እንኳ ክንፏን ሰብስባ ተቀምጣለች። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ጨለጥን። ላቬርን ግን ልማድ ሆኖባት ጽዋዋን ወደ መስኮቱ አነሳች፤ አሽከረከረች፤ አፍንጫዋን ከተተች፤ ከዚያ እንደ አፍ መታጠቢያ ስታንቦጫቡጨው የመጨረሻው ወንበር ድረስ ተሰማ።

«ሳይፈላ ነው!» ብላ ጮኸች። «አረቄውን የጨመሩት ሳይፈላ ነው!»

ጽዋውን የሚያዞሩት፣ ጋሼ ለማለት «ኡም» የምንላቸው ሽማግሌ፣ ኡም ፍሎርስ ናቸው። መጠጥን በየሳምንቱ ይረግማሉ፤ ጢማቸው ከእሳቸው ቀድሞ ቤተክርስቲያን ይገባል። በር ላይ ጠበቋት።

«አንቺ ልጅ፣ በጌታ ማዕድ ላይ አረቄ ትጠሪያለሽ?»

«እኔ ጠራሁት እንጂ፣ ማን ቀዳው ኡም ፍሎርስ?»

«የወይን ጭማቂ ነው! አባቴም ይቀዱት የነበረው ይሄንኑ ነው!»

«ጭማቂማ ነው። ከአጎቱ ከአረቄ ጋር ነው እንጂ የመጣው።»

ሕዝቡ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ኡም ፍሎርስ ጢማቸውን ጨበጡ።

«ስካር ተምረሽ ካለፍሽ ይሄን ጢም እላጨዋለሁ! ከወደቅሽ ግን እዚሁ ሕዝቡ ፊት ቆመሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ።»

«ምላጩን ከወዲሁ ይሳሉት፣ ኡም።»

የፈተናው ቀን መጨረሻ ላይ የመጣላት ብርጭቆ ያው ጣፋጭ ቀይ ነበር። ዓይኗን ጨፍና ቀመሰች፤ የቤተክርስቲያኑ ወንበር ጀርባዋን ቆረቆራት፣ የኡም ፍሎርስ ቁጣ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። «ሳይፈላ» ብላ ጻፈች።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ሚኒባሱ ሳይቆም ዘላ ወረደች። አልፋለች፤ ያውም ከክፍሉ አንደኛ! ሹፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ መንደሩን ዞረላት፤ ዶሮዎቹ ሠርግ መስሏቸው ተደበቁ።

በሚቀጥለው የጌታ እራት፣ አገጩ እንደ እንቁላል የሚያበራ ሰው ጽዋውን ይዞ ብቅ አለ። ሚስታቸው እንኳ «እንግዳው ማን ነው?» አለች። ኡም ፍሎርስ ላቬርን ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ፦

«እስቲ ልጄ፣ ምን ምን ይላል?»

አሽከርክራ አሸተተች። «ዘቢብ... የደረቀ በለስ... ትንሽ ደግሞ የመላጫ ሳሙና።»

ኡም ፍሎርስ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ጽዋዎቹ ትሪው ላይ ተንጫጩ። እኛም ከፊት እስከ ኋላ፣ ፓስተሩ ጭምር፣ ጽዋችንን ወደ መስኮቱ አንስተን አሽከረከርን።