የዘርፌ ጥለት

ባለፈው እሑድ ልጄ ሳምራዊት ተከታታይ ድራማዋን እያየች ሳለ ሪሞቱን አነሳችና ምስሉን ቀጥ አደረገችው። ተዋናይቷ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ሳምራዊት ስልኳን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግታ የቀሚሱን ጥለት ፎቶ አነሳችና በሁለት ጣቷ እያጎላች ክር በክር አየችው። "በቃ፣ ያዝኩት" አለች። እኔ ሳቄ መጣ። "ምን ያስቅሃል አባዬ?" ብትለኝ፣ "አንድ ጥለት ለመያዝ ሦስት ሰው ያፈጠጠበት ጊዜ ትዝ ብሎኝ ነው" አልኳት። ለእሷ በአጭሩ ነገርኳት። እዚህ ግን ረጋ ብዬ ላውጋው፤ ዕድሜ ከሰጠኝ ጥቂት ነገሮች አንዱ ሳልቸኩል ማውራት ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ ሸማኔ ዘንድ እሠራ ነበር። ጋሽ ሽብሩ እንደ አባቴ የጋሞ ሰው ናቸው፤ ጓሯቸው ባለው ረጅም የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አራት የሽመና ጉድጓድ ነበራቸው። ሲሠራ ላላየ ልንገረው፦ ሸማኔ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ያንጠለጥላል፤ ድሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ገመድ በአውራ ጣቱና በቀጣዩ ጣት መሃል ይዞ ይረግጣል። መወርወሪያውን የሚወረውረው እጅ ነው፤ ሥራውን የሚያዘው ግን እግር ነው። ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ያደግኩት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ጎበዝ ነበርኩ። ይህን ስል አላፍርም፤ ሰው ማመስገን የማይሆንላቸው ጋሽ ሽብሩ እንኳ የእኔን ነጠላ ለደንበኛ ሲያሳዩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር።

ስኳር በሽታ የያዘኝ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ጠዋትና ማታ መርፌ እወጋለሁ። ቤታችን ፍሪጅ ስላልነበረ እናቴ ኢንሱሊኑን እርጥብ አሸዋ በያዘ የቀጨኔ ማሰሮ ውስጥ ታስቀምጥልኝ ነበር። ምግቤ ሰዓት ማለፍ ስለሌለበት ቂንጬዬና ዳቦዬ በመሃረብ ተቋጥረው አብረውኝ ሥራ ይውላሉ። ሻይ ያለ ስኳር ስጠጣ የሚያዩ ጓደኞቼ መጀመሪያ ላይ "አንተን ራስህን ሻዩ ውስጥ ብንከትህ አይጣፍጥም?" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ ኋላ ለመዱት። አጠገቤ ያለው ጉድጓድ ላይ የሚሠራው ካሳሁንማ ሕመሜን ከእኔ አስበልጦ ያውቀው ነበር። ስኳሬ ወርዶ እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ምንም ሳይጠይቀኝ ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ አፌ ውስጥ ይከታል፤ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል። እንዲህ ያለ ጓደኛ ያለው ሰው በሽተኛ መሆኑን ይረሳል፤ እኔም እረሳው ነበር።

በዚያ ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ገመዱ የግራ እግሬን ጣቶች መሃል ላጠው። ለሌላ ሸማኔ ቫዝሊን ተቀብታ በሦስት ቀን የምትረሳ ነገር ናት። የእኔ ግን አልድን አለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደበቅኳት፤ ጭቃውንና ብርዱን እያሳበብኩ ቤት ውስጥ እንኳ ካልሲ አላወልቅም አልኩ። አንድ ቀን እናቴ የቀየርኩትን ካልሲ ልታጥብ ስታነሳው ሽታው ነገራት። እያለቀሰችም እየተቆጣችም ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ቁስሉን አየ፣ ሥራዬን ጠየቀኝ፣ ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ።

"ይሄኛው ይድናል" አለኝ። "እዚያ ጉድጓድ ከተመለስክ ግን የሚቀጥለው ላይድን ይችላል። ሌላ ሥራ ፈልግ ወንድሜ። ሥራ ይገኛል፤ እግር ግን አይገኝም።"

ለእሱ ቀላል ነው። እኔ ከሽመና ሌላ ምን አውቃለሁ? ያን ቀን ከሆስፒታል ስንመለስ ዝናቡ ቆሞ ነበር፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ይመጣል፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። እነሱን እያየሁ፣ እግራቸው በመሥራቱ ቀናሁ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ከልቤ ቀናሁ።

ጋሽ ሽብሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ማግ እንዳጠነጥን አደረጉኝ፤ ይኸውም ሌሎቹ የሚሸምኑበትን ክር መጠቅለል ነው። በእኛ ቤት የሴቶችና የልጆች ሥራ ነበር። ጺም ያበቀልኩ ሰውዬ ጥግ ይዤ ክር ስጠቀልል ቀና ብዬ ሰው ማየት አቃተኝ። ጋሽ ሽብሩ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው፣ "ዳኒ፣ እስከ መስቀል እንዲህ እንቆያለን" አሉኝ። "ለመስቀል አገሬ ስገባ ግን ለጉድጓዱ ሰው ይዤ እመለሳለሁ። ለማጉ ልጆቼ አሉ። ምን ላድርግ ልጄ?" የጋሞ ሸማኔ የትም ይሥራ የት ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ ቀኑ የማይቀር መሆኑን አውቀዋለሁ። የቀረኝ አንድ ወር ከምናምን ነበር።

በዚያ ጊዜ መጽናኛዬ የእሑድ ከሰዓቱ ድራማ ነበር። ከቸርች እንደወጣሁ እያነከስኩ በቀጥታ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ቤት ነው። ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበራቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ይታጨቃል። ሕጋቸውም የታወቀ ነው፦ ጫማ ደጅ፣ ልጆች ምንጣፍ ላይ፣ ቆሎው ለሁሉም፣ ድራማው ሲጀመር ያወራ ይወጣል። ከድራማው ሰዎች የምንወዳት ዘርፌን ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የባሏ ወንድሞች ሱቁን ሊነጥቋት ይታገሏታል። ሥራውን ሊያጣ ቀን ለሚቆጥር ልጅ ከእሷ በላይ ዘመድ ከየት ይመጣል? ማታ ስጸልይ ለእሷም የጸለይኩበት ጊዜ አለ፤ ለፓስተራችን ግን አልተናገርኩም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዘርፌ ሐዘኗን ጨረሰች። ጥቁሯን አውልቃ፣ ከደረቷ እስከ እግሯ ጥለት የወረደበት የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ከቤት ወጣች። ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች በአንድ ድምፅ "እሰይ!" አሉ። እትዬ አስካለ ግን ጥቁር ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። ባላቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗል፤ ዘመድ አዝማድ ቢለምናቸውም ጥቁሩን አላወልቅም ብለው እንደጸኑ ነበሩ። ድራማው ሲያልቅ ወደ እኔ ዞሩ።

"ዳኒ፣ ይሄንን የሚሠራልኝ ካለ ለመስቀል ጥቁሬን አወልቃለሁ" አሉ።

ወሬው በማግስቱ ጋሽ ሽብሩ ጋ ደረሰ። ሌሎች ሴቶችም መጡ። ግን ማን ያስታውሰው? አንዱ ሸማኔ አበባ ነበር አለ፣ ሌላው መስቀል ነበር አለ። ከጥጌ ሆኜ፣ "እኔ ግማሹን ይዤዋለሁ" አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ሰው ፊቷን ሲያይ እኔ የለመደብኝ ጥለት ማየት ነው። የቀረውን ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ እናገኘዋለን፣ ምክንያቱም ድራማው ከመጀመሩ በፊት ያለፈው ሳምንት ባጭሩ ይታያል። ጋሽ ሽብሩ ጢማቸውን አሻሹና "ሞክር፤ ክሬን ብታበላሽ ግን ከመስቀል በፊት ነው የምትሄደው" አሉኝ።

እሑድ ሦስት ሆነን ፊት ለፊት ተቀመጥን። የደረቱን ካሳሁን፣ የወገቡን እኔ፣ የታችኛውን ዘርፍ የእትዬ አስካለ ልጅ ሰናይት እንድናይ ተከፋፈልን፤ ማንም ከድርሻው ዓይኑን እንዳይነቅል ተማማልን። ዘርፌ ወጣች፣ ሄደች፣ አለቀ።

"ደረቱስ?" አልኩት ካሳሁንን።

"እንባ ነበረባት እኮ ዳኒ። አላየሃትም?"

"ጥለቱስ?"

"የቱ ጥለት?"

ደግነቱ ሰናይት የሱንም ደርባ አይታለት ነበር። እዚያው ቁጭ ብለን ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተሯ ላይ ሣልነው፤ አንድ ካሬ አንድ ክር። ጥለት በወረቀት ሲወጣ ያን ቀን ማየቴ ነው፤ በእኛ ቤት ጥለት በጭንቅላት ይያዛል እንጂ አይጻፍም ነበር።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ካሳሁን ጉድጓዱ ላይ፣ እኔ አጠገቡ፣ የታሰረ እግሬን ዱካ ላይ ሰቅዬ፣ ደብተሩን ጭኔ ላይ ዘርግቼ። "ሦስት ዝለል፣ ሁለት አንሳ፣ አንድ ዝለል" እያልኩ እጠራለታለሁ። አንድ ቀን ቁጥሩን ሳት ሳደርግ መወርወሪያውን አስቀመጠና "አሥራ ሰባት ካሬ ባለው መስመር ሃያ ሁለት አልከኝ፤ በል አፍህን ክፈት" ብሎ ከረሜላውን አጎረሰኝ። ደብተሩ እየረዳን ሥራው ሳይበላሽ ቀረ።

የቀረው ቀለሙ ነበር። ቴሌቪዥኑ የሚነግረን ደማቅና ደብዛዛ መሆኑን ብቻ ነው። ሌሎቹ ሲከራከሩ እኔ ግን አልተጠራጠርኩም። ዘርፌን አውቃታለኋ! ጥቁር ያወለቀች ሴት፣ ሱቋን ያስከበረች ሴት፣ በክረምት መውጫ ምን ትለብሳለች? ጠቆር ያለው አረንጓዴ፣ ፈካ ያለው ብርቱካንማ ነው አልኩ። "አረንጓዴና ብርቱካን? አንድ ላይ?" አሉ ጋሽ ሽብሩ፤ ክሩን ግን ሰጡኝ።

ቀሚሱ ተሰፍቶ የደረሰው ከመስቀል በፊት ባለው እሑድ ነው። ጋሽ ሽብሩ ሰኞ ማለዳ መንገደኛ ናቸው፤ በእጃቸው ሊያስረክቡ ብለው አብረውኝ መጡ። እትዬ አስካለ ጓዳ ገብተው ለብሰው ወጡ። ከአራት ዓመት በኋላ በጥቁር ያልሆነ ልብስ አየናቸው። እልልታው ቀለጠ። የእኔም ልብ በኩራት ልትፈነዳ ደረሰች። በዚያው ቅጽበት ለበዓሉ ከሌላ ሰፈር የመጡት እህታቸው፣

"አስኩዬ፣ ያምራል፤ ግን የዘርፌ እንዲህ አይደለም እኮ!" አሉ። "የእኛ ቤት ቴሌቪዥን ባለ ቀለም ነው። የሷ ሰማያዊና ብርማ ነው።"

ጋሽ ሽብሩ ወደ እኔ አላዩም፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ጆሮዬ ጋለ። የሰው ክር፣ የሰው ስም፣ የአንዲት ሴት የአራት ዓመት ሐዘን መጨረሻ፣ ሁሉንም በአጉል ድፍረት ያበላሸሁ መሰለኝ። ነገ ጋሽ ሽብሩ ይሄዳሉ፤ የኔም ነገር አበቃ ብዬ ደመደምኩ።

እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው ቀሚሳቸውን አዩ። በመዳፋቸው ጥለቱን ከደረታቸው ጀምረው እስከ ጉልበታቸው ዳበሱት። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"እንግዲያው የተሳሳተችው ዘርፌ ናት" አሉ።

ሳቁ መቼም አይረሳኝም። እህትየው ራሳቸው ከመሄዳቸው በፊት ለሁለት ሴት ልጆቻቸው አዘዙ፤ በአረንጓዴና በብርቱካን። ጋሽ ሽብሩ ስንወጣ በር ላይ ትከሻዬን ያዙኝ። "ለጉድጓዱ ሰው ይዤ መምጣቴ አይቀርም" አሉኝ። "አንተ ግን ስመለስ ደብተርህን ይዘህ ጠብቀኝ።" ቤት እስክደርስ እያነከስኩ ሮጥኩ። እናቴ መርፌዬን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር፤ አቅፌያት አለቀስኩ።

ደብተር ይዤ ጠበቅኳቸው፤ ከዚያ ወዲህም ሌላ ሥራ አላውቅም። ለብዙ ሸማኔዎች ጥለት ሣልኩ፤ ስኳሩም አብሮኝ አረጀ፤ አሁንም ጠዋትና ማታ እንወጋጋለን። ያንን ቁስል ግን አሁን አልረግመውም። ጉድጓዱን አጣሁ ብዬ ስንት ሌሊት አለቀስኩ፤ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረውን ሥራ ያወቅኩት ግን እግሬ ሲከለከል ነው። ይህን ለማለት ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ አሁን ስለው እኮራለሁ።

ትናንት ከሳምራዊት ጋር ለሠርጓ ልብስ ልናይ ሽሮ ሜዳ ወጣን። አንዲት ወጣት ባለ ሱቅ የተጣጠፈ ቀሚስ ዘረጋችልን፤ ካሬ በካሬ የማውቀው ጥለት፣ አረንጓዴና ብርቱካን። "ይሄ የጥንት ነው አባባ፣ ከቅድመ አያቶቻችን የመጣ" አለችኝ። ሳምራዊት አፏን ልትከፍት ስትል እጇን ጨበጥ አደረግኩት። ባለ ሱቋ ጥለቱን በጣቷ እየተከተለች ራሷን ነቀነቀች።

"እንዲህ ያለውን ዛሬ ማን ይሠራዋል?"

"እኔ" አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች።