አረፋው የቆመ ቀን

አባቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጓዳ ውስጥ ቢራ ይጠምቃል፤ ብቅሉን ራሱ ይፈጫል፣ የሚብላላበትን በርሜል እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ ይጠቀልላል። ቀማሿ እናቴ ነበረች። አንድ ጊዜ ተጎንጭታ «ብቅሉ አሯል» ካለች አሯል፤ ይግባኝ የለውም። ብርጭቆ ማለቅለቅ ግን አይሆንላትም። ሳሙናው በደንብ ሳይለቅ ታቀርባለች፤ ሳሙና ደግሞ የቢራ አረፋ ጠላት ነው፣ ወዲያው ያጠፋዋል።

«አንቺ ሴትዮ፣ የወር ልፋቴን ገደል ከተትሽው!» ይላታል።

«አረፋ ሆድ አይሞላ! ዝም ብለህ ጠጣ» ትለዋለች። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ በዚህ ሲነታረኩ ኖሩ።

እሷ ከሞተች በኋላ የጠመቀው የመጀመሪያው ቢራ ዛሬ ደረሰ። ብርጭቆዎቹን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ጭቅጭቁን ስለማውቀው ክንዴ እስኪዝል አለቀለቅኩ። ሲቀዳው አረፋው እንደ ጥጥ ተቆልሎ ቆመ። አባዬ ግን አፉን ሳያስነካ ትክ ብሎ አየው።

«ምነው? ስትመኘው የኖርከው ይሄን አይደል እንዴ?» አልኩት በንዴት።

«እጅሽ ይባረክ ልጄ፣ አምሯል» ብሎ ብርጭቆውን ለእኔ ሰጠኝና ሌላ ይዞ ወደ መታጠቢያው ሄደ። በሳሙና አሸት አሸት አድርጎ፣ ለይምሰል ውሃ አሳየውና ቀዳ። አረፋው ብቅ ከማለቱ ከሰመ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬም አላለቀለቅሽውም» አለና ጭልጥ አደረገው።