እቴጌ ዛሬ ተሳሳተች

ጋሼ ቁልፍ ቀራጭ ነው። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ግድግዳው ሙሉ ያልተቀረጸ ቁልፍ ተሰቅሎበታል፤ ማሽኑ ሲሽከረከር የብረት ብናኝ ቅንድቡ ላይ ያርፋል። ሰፈሩ "ባለ ቁልፉ" ይለዋል። እኔ ጋሼ የምለው የአክስቴ ባል ስለሆነ ነው። ሁለቱ ናቸው ያሳደጉኝ።

አክስቴ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነበረች። ወሬዋ ግን ሌላ ነው፤ ማን ነገሠ፣ ማን ማንን ገለበጠ፣ የትኛው ግንብ መቼ ፈረሰ። ስልኳ ላይ አንድ ግሩፕ ነበራት፤ በአካል ተያይተው የማያውቁ ሰዎች። ጡረታ የወጣ መምህር በየጠዋቱ አንድ የታሪክ ጥያቄ ይልካል፤ አንዲት ነርስ፣ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ሌሎችም ይመልሳሉ። አክስቴን "እቴጌ" ነበር የሚሏት። አንድ ሕግ አላቸው፤ የተሳሳተ ሰው በማግስቱ በድምፁ "እኔ ሰነፉ፣ እንደምን አደራችሁ" ብሎ ሁሉንም ሰላም ማለት አለበት። አክስቴ "እኔ ሰነፏ" የምትለው እየሳቀች ነበር። እኔ ከመኝታዬ የምነሳው በዛ ሳቅ ነበር።

ከዛ ታመመች። አረፈች።

ጋሼ ዝም አለ። ሱቅ ይከፍታል፣ ይቀርጻል፣ ይዘጋል። ቤት ሲገባ ምግቡን ያየዋል እንጂ አይበላም።

"ጋሼ፣ ትንሽ ቅመስ እንጂ።"

"በላሁ እኮ ልጄ።" ሳህኑ ሙሉ ነው።

ዓይኔ እያየ በቁሙ ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቀን ጠዋት የአክስቴ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ጮኸ። ጥያቄ ነበር፣ ከነምርጫው። ጋሼ ከፍቶ አየው፤ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ በዛ ወፍራም ጣቱ "ለ" ብሎ ላከ። ልክ ሆነ። ሾፌሩ ወዲያው "እቴጌ መጣችላችሁ! ዙፋኗን ጥረጉ!" ብሎ ጻፈ። ጋሼ ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው።

በዛው ቀጠለ፣ እሷን መስሎ። "ብነግራቸው ማን ያናግረኛል? የሞተ ሰው ስም የሰረቀ ሌባ ነው የሚሉኝ" ይለኛል። ስለዚህ መሳሳት አይችልም። ከተሳሳተ በድምፅ መናገር አለ፤ የሱ ድምፅ ደግሞ የወንድ፣ ያውም የጎርናና ወንድ ነው። የትምህርት ቤት መጽሐፌን ወስዶ ሱቅ ያነባል። ደንበኛ ሲመጣ "ቁልፉ ይደርሳል፤ መርከብ ነው ወይስ ጋሪ የቀደመው?" ይላል። አንዷ ጎረቤታችን የሌላ ሰው ቁልፍ ቀርጾ ሰጥቷት፣ "ባለ ቁልፉ፣ የማንን ቤት ልታዘርፈኝ ነው?" ብላ መለሰችለት።

ደግነቱ ጥያቄዎቹ ስለ ግንብ፣ ስለ በር፣ ስለ ድልድይ እየሆኑ መጡ። ተመቸው። "አየሽ፣ ታሪክ ማለት የበር ጉዳይ ነው" ይለኛል። መብላትም ጀመረ።

ከዛ ያ ጥያቄ መጣ። በጠላት ስለተከበበ አንድ የጥንት ከተማ ነው። በምን ወደቀ? በረሃብ፣ በእሳት፣ ወይስ በሩ ከውስጥ ተከፍቶ? አንብቤ እስክጨርስለት እንኳ አልጠበቀኝም። "በሩ ነዋ!" ብሎ ላከ። ያ አልበቃው ብሎ "ለመሆኑ መቀርቀሪያው በየት በኩል ነበር? እንጨት ነው ብረት?" ብሎ ጨመረበት።

መልሱ ረሃብ ነበር።

"እቴጌ ዛሬ ተሳሳተች! ነገ ድምፅ እንሰማለን" ብላ ጻፈች ነርሷ።

የጋሼ ፊት አመድ መሰለ። "አለቀ" ብሎ ስልኩን ሊያጠፋው አነሳ።

"እንዳታጠፋው!"

"ምን ልበላቸው ታዲያ?"

"እውነቱን።"

"እውነቱን ነግሬ ባጣቸውስ?"

ስልኩን ከእጁ ወሰድኩት። ያቺ ስልክ ዝም ካለች እሱም ተመልሶ ዝም ሊል ነው።

በማግስቱ ማሽኑን አጠፋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ተናገረ።

"እኔ ሰነፉ፣ እንደምን አደራችሁ። እቴጌ አይደለሁም። ባሏ ነኝ። እሷ አርፋለች። ይቅር በሉኝ፣ ብቸኝነት ነው።"

ጋሼ ሞረዱን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል። በኋላ የመምህሩ ድምፅ መጣ፣ ቀስ ያለ።

"እንደምን አደሩ ጋሼ። እናውቃለን እኮ። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ነግራናለች። 'ስልኬ ዝም ካለ ሄጃለሁ ማለት ነው። ያ ቁልፍ ቀራጭ ባሌ ካነሳው አደራ፣ እሱ ካልጠየቁት አይናገርም፤ ጠይቁት' አለችን። እርስዎ 'ለ' ብለው ሲልኩ ገባን። እሷ አንድ ፊደል ልካ የምታቆም ሰው አልነበረችም። ጥያቄው ሁሉ ስለ በር የሆነው ያለ ነገር መሰለዎት?"

ሾፌሩ ተከተለ። "ያን ቀን ዙፋኗን ጥረጉ ያልኩት መኪናዬን ዳር አቁሜ እያለቀስኩ ነው። አንተ ግን አንጀት የለህም! ሕዝብ በረሃብ እያለቀ ስለ መቀርቀሪያ ትጠይቃለህ?"

ጋሼ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀበት። በዛ የብረት ብናኝ በሞላው እጁ ዓይኑን ሊጠርግ ሲል ያዝኩት።

"ይቺ ሴትዮ" አለ፣ "ሄዳም አልተወችኝም።"

ግሩፑ ላይ ያለውን ስም ይቀይር እንደሆነ ጠየቃቸው። "ማን ነክቶት!" አለች ነርሷ። "እቴጌ እንዳለ ይቀመጣል።"

እነዛን ሰዎች አንዳቸውንም በዓይኔ አላየሁም። መንገድ ላይ ብንገናኝ ተጋፍተን እንተላለፍ ይሆናል። እግዜር ይስጣቸው፤ ሰውዬውን መለሱልኝ። ጋሼ አሁን እንደ ልቡ ይሳሳታል፤ የሚያውቀውንም ሆን ብሎ የሚስተው ይመስለኛል። ጠዋት ጠዋት ከጓዳ "እኔ ሰነፉ፣ እንደምን አደራችሁ" የሚል ጎርናና ድምፅ ይሰማኛል። ከመኝታዬ የምነሳው በሱ ነው።